ያልተነሳ እግድ በግራ ጎኔ

ይህን የምጽፈው ከሐኪም ቤት «ምንም የለብሽም» ተብላ ለተመለሰች ሴት ነው። የለብሽም ሲሏት ያለባትን ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄድ ብዙ ናት። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። አሁን ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ግን አልልም።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ በቆርቆሮና በጣውላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። መጀመሪያ በታይፕ ነበር፣ ኋላ በኮምፒውተር ሆነ። ሰው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ከአያቱ ጀምሮ ይተርካል፤ እኔ አሳጥሬ አንድ ገጽ አደርግለታለሁ። ብዙ መናገር አልወድም። የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ግን ለማንም አልነገርኩም። ያን ያህል ጊዜ የታመምኩትም ገሚሱ በዚህ ነው።

የጀመረኝ የከተማው ባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ሰፈሩ ሁሉ በተቆፈረበት ዘመን፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ከግራ ጡቴ በታች አንድ ቦታ እንደ መብላት፣ እንደ ማቃጠል አለኝ። ብርድ መስሎኝ በሻሽ አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ስፈታው ከጀርባዬ ተነስቶ ወደ ሆዴ የዞረ ቀይ መስመር ወጥቷል፤ በላዩ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፍሬዎች ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ግን ምንም የለም። መሐል ላይ በማስመሪያ የተከለለ ይመስል ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩነሽ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሊጠይቁኝ መጡ። ልብሴን ገለጥ አድርገው አዩና ደረታቸውን መቱ።

«አልማዝ ባለጭራ ነው! ማንም ሐኪም ቤት እንዳይወስድሽ። መርፌ የነካው ዕለት አለቀልሽ።»

«ምን ያደርገኛል?»

«ምን ያደርገኛል ትለኛለች! ጭራው ዞሮ ከራሱ ጋር ከገጠመ ትሞቻለሽ፣ መርፌ ሲያገኝ ደግሞ ይፈጥናል። የጎረቤቴ ባል በዚህ አይደል እንዴ የሄደው?»

ልጄ ምሕረት «አክስቴ፣ ቢያንስ ሐኪም ይያት» አለች። እትዬ አልሰሙም። እኔም መርፌውን ፈራሁ። አንድ ቅጠል ጨምቀው የሚቀቡ ሰው አስመጡልኝና ተቀብቼ አሥር ቀን ቤት ተኛሁ። እትዬ በየጠዋቱ እየመጡ መስመሩ ወዴት እንደደረሰ በጣታቸው ይለኩ ነበር። ክፉ አስበው አይደለም። ሾርባዬን የሚያመጡትም፣ ልብሴን የሚያጥቡትም እሳቸው ነበሩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ያከመችኝ ሐኪም እንደነገረችኝ፣ ይህ በሽታ በልጅነት ከሚወጣብን ከጉድፍ የሚቀር ነው። ጉድፉ ሲድን ተሐዋሲው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፣ በእርጅና ወይም በድካም ጊዜ በዚያው ነርቭ መስመር ይወጣል። ሽፍታው በታየ በሦስት ቀን ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት አለው። እሱም መርፌ አይደለም። የሚዋጥ ክኒን ነው። እኔ መርፌ ፈርቼ ክኒን አመለጠኝ። የሚያነብ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳው ይህቺን ይያዝልኝ።

ለመስቀል ቁስሉ ደረቀ። እትዬ እልል አሉ። ጭራው አልገጠመም፣ አልሞትኩም። ሕመሙ ግን አልሄደም።

እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ይከብደኛል። ቆዳዬ ላይ ጠባሳ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ጫን ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ ቀለል ያለ ነገር ሲነካኝ ግን እንደ እሳት ነው። የብርድ ልብስ ጠርዝ፣ የቀሚስ ስፌት፣ ከመስኮት የሚገባ ነፋስ። ነጠላዬ በግራ ትከሻዬ ወርዶ ጎኔን ሲነካኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን በቀኝ በኩል ብቻ ሰብስቤ እይዝ ነበር። ልደታ ማርያም ደጅ ላይ አንዲት አሮጊት «የኔ ልጅ፣ ነጠላሽን አስተካክይ እንጂ፤ ገበያ መሰለሽ?» አሉኝ። ይቅርታ ብዬ አስተካከልኩት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ታክሲ ሌላ ጣጣ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር መኪናው በዘለለ ቁጥር አብሬ እዘላለሁ። በመጨረሻ ከቤቴ፣ ከጌጃ ሰፈር፣ እስከ ሥራዬ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሌሊት ባለቤቴ አልጋው እንዳይነቃነቅብኝ ፍራሹን መሬት አነጠፈ። አንድ ማታ መሬት ተኝቶ አገኘሁት፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያው ሆነ። ጨለማ ውስጥ ሁለታችንም ነቅተን እንደተኛ ሰው ጸጥ እንላለን።

ክሊኒክ መዞር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ታይፎይድ አለብሽ አለኝ። ታይፎይድ የማይገኝበት ሰው ይኖር ይሆን? የታዘዘልኝን ጨርሼ ስመለስ ደግሞ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ግራ ጎን ነውና ልብ ይሆናል ብለው ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አነሱኝ። ሽቦው ሲለጠፍ አለቀስኩ፤ ያነሳኝ ልጅ ደንግጦ «እናቴ፣ ኤሌክትሪክ የለውም እኮ» አለኝ። ልብዎ የወጣት ልብ ነው ብለው ሸኙኝ። ሌላው ኩላሊት አለ። ሌላው አልትራሳውንድ አንስቶ ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ስላየ ይህ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለ። ሐሞት ያለው በቀኝ መሆኑን የነገረችኝ እዚያው ያለች ነርስ ናት። ለየምርመራው ወጪ ባለቤቴ ከዕቁብ ያወጣውን ጨረስን።

በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ጠባሳውን ያሳየሁት አንድ ሐኪም እንኳ አልነበረም። አልጠየቁኝም። እኔም ቁስሉ ድኗል ብዬ አልተናገርኩም። የዳነ ነገር ማሳየት ምን ይጠቅማል ብዬ ነበር።

ደግ ሰውም አላጣሁም። አንድ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበረች፣ ልጇን ያቀፈች የገጠር ሴት ሰው በነካኝ ቁጥር ስሸማቀቅ አይታ ሳትጠይቀኝ ተነሳች። እኔን ወደ ጥግ፣ በግድግዳው በኩል አሻገረችኝና እሷ በመሐል ተቀመጠች። ሰው ሲገፋ እሷን ገፋ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ያቺ ሴት» እያልኩ አነሳታለሁ።

በመጨረሻ ወደ ነርቭ ክፍል ተላክሁ። ቀጠሮው ረጅም ነበር። ስገባ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ውጭ ያለው ሰልፍ እስከ ደረጃው ይደርሳል። ጠባሳዬን ያየች የመጀመሪያዋ ሐኪም ግን እሷ ነበረች። ጥጥ አንስታ ጎኔን ዳሰስ አደረገችው፤ ዘለልኩ። «ገባኝ» አለች። ክኒን ጻፈችልኝ፣ ማታ ማታ አንድ ይዋጡ አለችኝ፣ ሌላ ሰው ተጠራ።

እትዬ ጥሩነሽ ክኒኑን ወስደው ፋርማሲ የሚሠራ ለሚያውቁት ልጅ አሳዩት። ሲመለሱ በር ላይ ሳሉ ነበር የጀመሩት።

«ይሄ የምን መድኃኒት እንደሆነ ነገሩሽ?»

«የነርቭ አሉኝ።»

«የነርቭ! ለጭንቀት፣ አእምሮው ለታወከ ሰው የሚሰጥ ነው አለኝ ልጁ። እብድ ናት ብለውሻል እኮ፣ በጨዋ ቋንቋ።»

ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እውነቱን ለመናገር እብደት የሚለው ቃል አይደለም ያስከፋኝ። ያቺ ልጅ ጥጡን ስታነሳ አመነችኝ ብዬ ነበር። እሷም አላመነችኝም ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ ተውኩ። እግዚአብሔር የሰጠኝ መስቀል ነው፣ ዝም ብዬ እሸከመዋለሁ አልኩ።

ምሕረት አንድ ልጄ ናት። ተድራ ሌላ ሰፈር ትኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እየሮጠች ገባችና «እማዬ! አረገዝኩ!» ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ተጠመጠመችብኝ። ክንዷ ግራ ጎኔን አገኘው። ገፋኋት። አስቤ አይደለም፣ እጄ ነው የገፋት። ግድግዳው ጋ ደርሳ ቆመች።

«እማዬ?»

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ እሷ ግን የደስታ እንዳልሆነ አውቃለች። ቁርስ ሳትበላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ስትደውል ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ብቻ ሆነ። ወሬውን ያመጡልኝ እትዬ ናቸው። «ልጅሽ አዝናለች። ባሌን ስላልወደደችው የሱን ልጅ አልፈለገችውም አለች። አማቴ ታርሰኛለች ብላለች።»

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትወልድ የምታርሳት እናቷ ናት። ወገቧን የምታስር፣ ገላዋን የምታጥብ፣ ሕፃኑን ታቅፋ እሷ እንድትተኛ የምታደርግ እናት ናት። አማት ታርሰኛለች ማለት እናት የለኝም ማለት ነው። ይህን ሰምቼ ሥራ ገባሁ። አንድ ሰውዬ ክስ እያስጻፈኝ ሳለ «እመቤት፣ ምነው ቆምሽ?» አለኝ። ሰው አጠገቤ መኖሩን ረስቼ ነበር።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ንግግራቸውም እንደኔ አጭር ነው። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ለልጅሽ ነግረሻታል?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም፣ አባ፤ ቁስሉ ሲደርቅ ሕመሙም የሄደ ይመስላታል። በትዕግሥት ልሸከመው ብዬ።»

«ትዕግሥት ብለሽ ዝም ስትይ ልጅሽን አስከፋሽ። ይህ ምን ትዕግሥት ነው?» ቀጥለውም «ክኒኑንም ጀምሪ። ማታ የሚዋጥ ከሆነ ጾምሽንም አይነካም» ብለው ባረኩኝ። መስቀሉን ሲያሳልሙኝ ጎኔን እንዳይነካ ወደ ቀኝ አዘንብለው ያዙልኝ።

ወደ ሐኪሟ ልመለስ ወሰንኩ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ግን በአፌ እንደማልችል አወቅኩ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ማመልከቻ ጻፍኩ። አመልካች እኔ፣ ተጠሪ ግራ ጎኔ። የአቤቱታው ምክንያት፣ ቁስሉ ከደረቀ ዓመት አልፎት ሳለ ተጠሪ ሕመሙን ባለማቆሙ። ከዚያ በተራ አስቀመጥኩት፤ ሽፍታው፣ ቅጠሉ፣ ነጠላው፣ ታክሲው፣ ባለቤቴ መሬት መተኛቱ፣ ምሕረትን መግፋቴ፣ ክኒኑን መተዌ። መጨረሻ ላይ «ልጄን ማረስ እንድችል ይታዘዝልኝ» ብዬ ፈረምኩ።

ሐኪሟ አንብባ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ክኒኑን ስሰጥዎት ለምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው። በትልቅ መጠን ለጭንቀት ይሰጣል፣ እውነት ነው። በትንሽ መጠን ግን የታወከ ነርቭ ያረጋጋል። እርስዎ አላበዱም። ያምዎታል፣ ሕመሙም እውነት ነው።»

«ቁስሉ ድኖ የለም እንዴ? ምኑ ነው የሚያመኝ?»

ወደ በሩ አየች። ሰልፉን መሰለኝ ያሰበችው። ቢሆንም ነገረችኝ።

«በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ትልቅ መዝገብ አለ። ከመዝገቡ እየተቀዳ የሚወጣ ግልባጭ አለ፣ አርኤንኤ እንለዋለን። አንዳንዱ ግልባጭ ፕሮቲን ይሠራበታል፤ ሰውነት የሚገነባው በዚያ ነው። ብዙው ግልባጭ ግን ምንም ፕሮቲን አይወጣውም። ድሮ ትርፍ ወረቀት ይመስል ነበር።»

«ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?»

«ሌላውን ያዛል። ይህኛው ይሠራ፣ ያኛው ይቁም ይላል። ነርቭ ሲጎዳ የእነዚህ ትእዛዞች ብዛት ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ያኔ ነርቩ በትንሹም በትልቁም ይጮኻል። ቁስል ባለበት ጊዜ ይህ ጥሩ ነው፣ ቦታውን ያስጠብቃል። በአንዳንድ ሰው ግን ቁስሉ ድኖም ትእዛዙ ወደ ቦታው አይመለስም።»

«እግድ ነው» አልኳት።

«ምን?»

እኔ ያን ቀን ከዓመት በላይ ያልተናገርኩትን ያህል ተናገርኩ። ሁለት ሰዎች በቤት ሲካሰሱ፣ ክሱ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ ይወጣል። ያቺ ደብዳቤ ቤት አትሠራም፣ ለማንም አትፈርድም፤ ይቁም ብቻ ትላለች። ክሱ ያልቃል፣ ያሸነፈው ሰው ፍርዱን ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል። እግዱ ይነሳልኝ ብሎ ግን አላመለከተም። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ልሽጥ ሲል አይቻልም ይሉታል። «ክሱ አልቋል እኮ!» እያለ የሚጮኽ ስንት ሰው ፊቴ ተቀምጧል።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ለሌሎች ሕመምተኞቼ እነግረዋለሁ። ይፈቅዱልኛል?»

«ፈቅጄልሻለሁ። አሁን ማንሻ ደብዳቤዬን ጻፊልኝ።»

«የለኝም» አለች። አልዋሸችኝም፣ ለዚህም አመሰግናታለሁ። «ተመራማሪዎች የትኞቹ ትእዛዞች እንደሆኑ ገና እየፈለጉ ነው። በአይጥ ላይ ይሞክራሉ። በሰው ላይ የሚሠራ መድኃኒት አልወጣለትም። ምናልባት ለልጅ ልጅዎ ይደርሳል። እኔ ያለኝ ጩኸቱን የሚቀንስ ነው። በአንድ ቀን አይሠራም፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል። ይታገሱኛል?»

«እታገሳለሁ።»

ማመልከቻዬን መለሰችልኝ። «ይህንን ከእኔ ይልቅ ልጅዎ ብታነበው ይሻላል።»

የጎረቤት ልጅ ወደ ምሕረት ሰፈር ሲሄድ በፖስታ አድርጌ ላክሁላት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ምሕረት በራችን ላይ ቆማለች። ሆዷ ገፍቷል። ወረቀቱን ይዛዋለች፣ እጥፋቱ እስኪላላ ተነቧል።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ እያለቀሰች፣ «ለሰው ሁሉ አቤቱታ ትጽፊያለሽ፣ ለኔ አንድ ቃል መናገር አቃተሽ?»

«አቃተኝ።»

«በየትኛው በኩል ነው?»

አሳየኋት። በቀኜ ዞራ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። በር ላይ ቆመን ብዙ ቆየን። ባለቤቴ ከውስጥ «ግቡ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል!» አለን። እሱም ድምፁ ልክ አልነበረም።

ክኒኑ እንዳለችው ነው የሆነው። አፌ ደረቀ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሰካራም ተንገዳገድኩ፣ ሁለት ጊዜ ልተወው አስቤ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ማለዳ ነቅቼ ሌሊቱን ሙሉ እንደተኛሁ አወቅኩ። ምሕረት ደግሞ ሌላ ዘዴ አገኘችልኝ፤ ያረጀ የጥጥ ቀሚሴን ገልብጣ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ አለበሰችኝ። እትዬ ጥሩነሽ አይተው «ምነው ልብሷን ገልብጣ ለበሰች?» አሉ። ምሕረት «የነርቭ ፋሽን ነው፣ አክስቴ» አለቻቸው። እትዬ ሳቁ። ቆየት ብለው ብቻችንን ስንሆን ወደ መሬት እያዩ «መርፌውን ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉኝ። ሾርባውንም ያመጡልኝ እርስዎ ነዎት አልኳቸው።

ምሕረት ወንድ ልጅ ወለደች። ያረስኳት እኔ ነኝ። አማቷ ደግ ሴት ናቸው፣ ከባዱን ሥራ አገዙኝ። ገላዋን አጠብኩ፣ ወገቧን አሰርኩ። ሕፃኑን ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የምታቀብለኝ፤ ሌላ ሰው በግራዬ ሊሰጠኝ ሲል ከአልጋዋ ሆና «በቀኝ! በቀኝ!» ትጮኻለች። ሐዲዱ አልቆ ባቡሩ መሄድ ጀምሮ ነበር፣ ሲያልፍ ከመስኮቱ ይሰማናል።

ከክርስትናው በፊት አንድ ጠዋት ምሕረት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ልጁ በቀኝ ክንዴ ላይ ሳለ አንቀላፋሁ። ስነቃ ተንሸራቶ ዞሯል፤ ራሱ ከግራ ጡቴ በታች፣ ጠባሳው ላይ አርፏል። ትንፋሹ በቀሚሴ በኩል ይሞቀኛል። አመመኝ፤ እንደ ድሮው እሳት ሳይሆን ሞቅ ባለ ውሃ እንደመነከር ነበር። ላነሳው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። እግዱ እንዳልተነሳ አውቃለሁ። ልጁ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ተኝቶበት ነበር፤ እስኪነቃ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።